«እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ»

በሰፈራችን በወጥ ሙያ ስማቸው የሚነሣ አንዲት እናት አሉ። ሠርግም ሆነ ተዝካር ያለበት ቤት አስቀድሞ የሚያማክረው እሳቸውን ነው፤ የሽንኩርቱን፣ የበርበሬውን፣ የቅቤውን መጠን እጃቸው ያለ ሚዛን ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ የሠሩት ዶሮ ወጥ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ገባ። ቤተሰቡ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቁሌት ጥደው ጎረቤት ቡና ሄዱና ድስቱ አረረ። ያኔ የሳቀ የለም። ልጆቹ ተመካከሩ፤ ማድቤቱን ምራታቸው ተረከበች። «እማማ፣ ከእንግዲህ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኛ አለንልዎት» ተባሉ። ተቀመጡም።

በክፋት የተደረገ ነገር አይደለም። በእኛ ዘንድ አረጋዊን ማክበር ማለት ይኸው ነው፤ ከሥራ ማሳረፍ፣ ጥሩውን ወንበር መልቀቅ፣ ከድስቱ የላመውን አስቀድሞ ማውጣት። ትዝብቴም እዚሁ ላይ ነው። እኚህ እናት ለምን እንደሚረሱ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። «ዕድሜ ነው» ተብሎ ታለፈ። ይባስ ብሎ መድከም ለጀመረ አእምሮ ይበጀው የነበረውን ሥራ፣ እንቅስቃሴና ከሰው ጋር መዋል በአክብሮት ስም ነጠቅናቸው።

«ዕድሜ ነው» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት አለበት። ዕድሜ ሲገፋ በዲሜንሺያ፣ ማለትም በመርሳት በሽታ፣ የመያዝ ዕድል ይጨምራል። ግን ሰማንያና ዘጠና ዓመት ሞልቷቸው የልጅ ልጆቻቸውን ስም፣ የመሬታቸውን ወሰን፣ የተበደሩትንና ያበደሩትን አንድም ሳይስቱ የሚናገሩ ሽማግሌዎች ሞልተውናል። በሽታው በበኩሉ ገና ያላረጀውንም ይይዛል። አሎይስ አልዛይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 በፍራንክፈርት የመረመራት ኦጉስተ ዴተር የ51 ዓመት ጎልማሳ ነበረች። የባሏን ስም ስትጠየቅ የራሷን ስም ትመልስ ነበር። ከሞተች በኋላ አንጎሏ ውስጥ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1906 ለሐኪሞች ጉባኤ አቀረበ፤ ይህ የዲሜንሺያ ዓይነትም በስሙ ተጠራ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ዲሜንሺያ ያለበት ሰው ቁጥር 57 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ አዲስ ሕመምተኛ ይጨመራል። አልዛይመር ከእነዚህ ከ60 እስከ 70 በመቶውን ይይዛል። ከሕመምተኞቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። «የፈረንጅ በሽታ» የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

ዋናው ጉዳይ ግን ይህ ነው፤ አንጎል ውስጥ ጉዳቱ የሚጀምረው ጨው ሁለቴ ከመግባቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ነገሩ ይበልጥ የሚመለከተው እናትየዋን ሳይሆን ማድቤቱን የተረከበችውን የ45 ዓመት ምራትና «ለእናቴ ሐዘን ገባኝ» የሚለውን የ50 ዓመት ልጅ ነው።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው፣ በለንደኗ ፕሮፌሰር ጊል ሊቪንግስተን የሚመራ የባለሙያዎች ኮሚሽን ይህን ጉዳይ ለዓመታት ሲያጠና ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ ከዲሜንሺያ 35 በመቶ ያህሉ ልንቀይራቸው ከምንችላቸው ነገሮች ጋር የተያያዘ ነው አለ። በ2020 ቁጥሩ 40 ሆነ። በ2024 ደግሞ 14 ምክንያቶችን ቆጥሮ 45 በመቶ አደረሰው። ይህ የሕዝብ ስሌት መሆኑን መርሳት አይገባም። ግፊቱን ተቆጣጥሮ፣ ሲጋራ ሳያጨስ፣ በእግሩ እየሄደ ኖሮም የሚታመም ሰው አለ፤ በዘር የሚመጣ ተጋላጭነትም አለ። የታመመን ሰው «ራስህ ያመጣኸው ነው» ማለት «ዕድሜ ነው» ከማለት የባሰ በደል ነው። ግን ከመቶው አርባ አምስቱ ሊገታ የሚችል ነገር ከሆነ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ምን ይባላል?

ከአሥራ አራቱ የደም ግፊትን ላስቀድም። ባለፈው ሰሞን አንድ ፋርማሲ ተራ ስጠብቅ ከፊቴ የነበሩ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ከረባት ያሰሩ ሰው የግፊት መድኃኒት አሥር ፍሬ ጠየቁ። «ጋሼ፣ የወሩን አይወስዱም?» አለች ባለሙያዋ። «አይ፣ ሲያመኝ ብቻ ነው የምወስደው። ሁልጊዜ ከዋጡት እኮ ሰውነት ይለምደዋል።» «ይሄ የራስ ምታት መድኃኒት አይደለም ጋሼ፤ ሳያምዎትም ይወሰዳል።» ሰውየው በትሕትና ፈገግ አሉ፤ አሥሯን ፍሬ ኪሳቸው ከተው ወጡ። እኔ ከኋላ ቆሜ ስንት ዘመዴ እንዲህ እንደሚል እቆጥር ነበር።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን አንድ አምስተኛውን ይወስዳል። ይህ ሁሉ የሚደርሰው ከፀጉር በቀጠኑ የደም ሥሮች ነው። ግፊት ለዓመታት ሲበረታባቸው ግድግዳቸው ይደነድናል፣ ይጠባል፤ አንዳንዱም ይዘጋል። እጅና እግርን የማያሰንፍ፣ ሰውየው ራሱ ያላወቀው ትንንሽ ስትሮክ እየተጠራቀመ ሄዶ አንድ ቀን «ምን ነካቸው?» ያሰኛል። በአሜሪካ ከ9,300 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና ስፕሪንት ማይንድ የተባለው ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ፣ የላይኛው ግፊታቸው ከ120 በታች እንዲወርድ የታከሙት ሰዎች ከ140 በታች እንዲሆን ብቻ ከታከሙት ይልቅ መለስተኛ የማስታወስና የማሰብ ድክመት የደረሰባቸው በ19 በመቶ አንሰው ተገኙ። በራሱ በዲሜንሺያ ላይ የታየው ልዩነት እርግጠኛ ለመሆን የሚያበቃ አልነበረም። ቢሆንም የመንገዱን አቅጣጫ ያሳያል። የማን ግፊት እስከ ስንት መውረድ እንዳለበት ሐኪሙ ይወስናል፤ በኛ በኩል ያለው ችግር ግን ገና መለካቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተደረገ ቅኝት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች 16 በመቶ ገደማ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹም አያውቁትም።

ከግፊት ጋር ስኳርና ኮሌስትሮል አብረው ይሄዳሉ። ሽሯችን፣ ምስራችን፣ ጎመናችን፣ የጤፍ እንጀራችን ለአንጎል የማይስማማ ማዕድ አይደለም። የሚያበላሸው ጨው እንደ ልብ መነስነሳችንና ጠዋት ላይ ጀሪካኑ ውስጥ ረግቶ የምናገኘው የፓልም ዘይት ነው። ርካሽ ስለሆነ እንገዛለን፤ ያለው ምርጫ እሱ ብቻ የሆነበት ቤት ስለሚበዛም ወቀሳው ለሸማቹ ብቻ አይደለም። ስለ ሲጋራና ስለ መጠጥ ብዙ አልናገርም፤ የሚያጨሰውም የሚጠጣውም ያውቀዋል። በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ያለ ሄልሜት ሞተር የሚነዳ ወጣት፣ በየቤቱም ጭንቅላቷን የምትመታ ሚስት ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ እንዳሉ ይታወቅ፤ በጭንቅላት ላይ የሚደርስ ጉዳት አንዱ ምክንያት ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከትምህርት ቤት ቀርታ ውኃ እንድትቀዳ የተደረገች ልጅም እንዲሁ። የልጅነት ትምህርት ያነሰው ሰው አንጎሉ በስተርጅና የሚቋቋምበት ስንቅ ያንሰዋል።

ጆሮ ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ማንም ከመርሳት ጋር አያገናኘውም። በኮሚሽኑ ስሌት ግን ከአሥራ አራቱ ትልቁን ድርሻ ከያዙት ከሁለቱ አንዱ የመስማት ችግር ነው፤ 7 በመቶ። ሌላው መጥፎው ኮሌስትሮል ነው።

እስቲ አባወራው መስማት ሲያቅታቸው ቤት ውስጥ የሚሆነውን እዩ። መጀመሪያ የራዲዮው ድምፅ ይጨምራል። ቀጥሎ «ምን አልሽ?» ይበዛል። ልጆች አንድ ጊዜ ይደግማሉ፣ ሁለተኛ ጮኸው ይናገራሉ፣ ሦስተኛው ላይ «ምንም አይደለም አባዬ፣ ይተውት» ይላሉ። ሰው የሳቀበት ቀልድ ያመልጣቸዋል፤ ሌላው ስለ ስኳር ዋጋ ሲያወራ እሳቸው ስለ ዝናብ ይመልሳሉ፣ ይሳቅባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ሄደው ጥግ ላይ መቀመጥ ይጀምራሉ፤ በኋላ መሄዱንም ይተዉታል። አንጎል የሚሠራው የሰው ቃል ሲገባበት፣ ሲመዝነውና ሲመልስለት ነው። ያ ሲቋረጥ በአንድ በኩል ብቸኝነት፣ በሌላ በኩል ጥቂቱን ድምፅ ለማዳመጥ ብቻ የሚፈጀው ጉልበት ተደምረው ያደክሙታል። አንዳንዴ ነገሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደረቀ ኩክ በማስወጣት የሚያልቅ ነው። አንዳንዴ የማዳመጫ መሣሪያ ይጠይቃል። በአሜሪካ ከ70 እስከ 84 ዓመት በሆናቸው 977 ሰዎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት ላይ መሣሪያው በጠቅላላው ተሳታፊ ዘንድ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አላመጣም፤ ለዲሜንሺያ ይበልጥ ተጋላጭ በነበሩት ላይ ግን የማሰብ ችሎታቸው የሚደክምበትን ፍጥነት በሦስት ዓመት ውስጥ 48 በመቶ ያህል ቀንሶታል። መሣሪያው በእኛ ገበያ ውድ ነው። ለሠርግ የቪዲዮ ክፍያ የማናቅማማ ሰዎች ግን ለአባታችን ጆሮ ዋጋ ስንጠይቅ ለምን እንደምንደነግጥ አይገባኝም። የዐይን ሞራም እንደዚሁ ነው፤ በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚነሣ፣ በዘመቻ በነጻ የሚሠራበት ጊዜም ያለው ሆኖ ሳለ ስንቱ ሰው ግድግዳ እየዳበሰ ይኖራል።

ብቸኝነትን ስናነሣ «እኛ ኢትዮጵያውያን እንኳ በዚህ አንታማም» የሚል አይጠፋም። ዕድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ሰንበቴ አለን፣ በቀን ሦስቴ ቡና አለን። ነበረን ብል ይሻላል። ከአሮጌው ሰፈር ተነሥተው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የደረሳቸውን አንዲት እናት አስቡ። አሳንሰር የለም፤ ጉልበታቸው ደረጃውን አይችለውም። የድሮ ጎረቤቶቻቸው አንዷ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ሌላዋ ወደ የካ አባዶ ሄደዋል። የሚወርዱት ለትልልቅ በዓል ነው፤ የሚሰሙት ቴሌቪዥን ነው። ልጃቸው ጠዋት ስትወጣ ምሳቸውን በሰሃን ከድና ታስቀምጣለች። ንጹሕ ቤት፣ ያልጎደለ ምግብ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ግን አንድ ሰው አያናግራቸውም። በኛ ዓይን እኚህ እናት የተጦሩ ናቸው።

ሐዘንም አለ። ባል የሞተባት ሴት ቤት ሦስቱን ቀን ድንኳኑ ሰዉን አይችለውም፤ እስከ አርባው ሰው አይጠፋም። ከዚያ ወዲህ የሚያንኳኳ የለም። ሐዘኑ ወደ ድብርት ሲለወጥ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ምግብ ሲቀር፣ አሁንም «ዕድሜ ነው» እንላለን። ድብርት ራሱ ከአሥራ አራቱ አንዱ ነው፤ መርሳትንም አስመስሎ ይመጣል፤ ሊታከም የሚችል ሆኖ ሳለ።

የሚያስቆጨኝም ይኸው ነው። መርሳት ሁሉ የማይመለስ ዲሜንሺያ አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ መድከም፣ ከውድቀት በኋላ ጭንቅላት ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም፣ ሳይታከም የቆየ ቂጥኝ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ከሦስት ሐኪም የታዘዘ የተደራረበ መድኃኒት እንኳ ሰውን ሊያዘነጋና ሊያቃዥ ይችላል። እነዚህ ተመርምረው የሚታከሙ ናቸው። «ዕድሜ ነው» ብሎ እናቱን ያስቀመጠ ቤተሰብ መዳን የሚችልን ሰው አስቀምጦ ሊሆን ይችላል። ጠበል የሚወስድ ሰው ይውሰድ፤ ምርመራውንና መድኃኒቱን ግን አያስቀርባቸው። ያለ ምክንያት የሚወቅሱ፣ ገንዘቤን ሰረቃችሁ የሚሉ፣ ሌሊት ተነሥተው የሚወጡ እናትን «መተት ነው» ብሎ መሸሽ ደግሞ ኃጢአት ነው።

ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት ሁላችንንም የሚገጥም ነው። ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው ሌላ ነው፤ አርባ ዓመት ከተመላለሱበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲመለሱ መንገድ መሳት፣ አንድን ጥያቄ በደቂቃዎች ልዩነት መደጋገም፣ የብር ኖቶቹን መቀላቀል፣ የለመዱትን ወጥ ቅደም ተከተል ማጣት። በምርመራው ጊዜ ፊደል ያልቆጠረን ሰው ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ «ሰዓት ሣል» ማለት አይሠራም፤ ታንዛንያ ውስጥ ላልተማሩ አረጋውያን የተዘጋጀ አንድ መመርመሪያ በእርሳስ ፋንታ የክብሪት እንጨት አስደርድሮ ይፈትናል። የኛዎቹ ሐኪሞችም ማድቤቱንና ገበያውን ቢጠይቁ ብዙ ይረዳሉ፤ ቤተሰብም የሚያየውን ሳያፍር ይንገራቸው።

ይህን በሽታ ከማንም በላይ የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን አሉ። በዋሽንግተን ዙሪያ በየአረጋውያን መጦሪያው፣ በቤይሩትና በገልፍ አገሮች በየሰው ቤቱ የሌላ ሰው እናት የሚያጥቡ፣ የሚያጎርሱ፣ አሥሬ ለሚጠየቁት ጥያቄ አሥሬ በትዕግሥት የሚመልሱ እኅቶቻችን። ማታ አገር ቤት ደውለው የገዛ እናታቸው «ማን ልበል?» ስትላቸው ነገሩ ይገባቸዋል። «ሐኪም ቤት ውሰዷት» ይላሉ። ከዚህ በኩል የሚሰጠው መልስ «አንቺ ደግሞ! ዕድሜዋ ነው» ነው።

አዲስ መድኃኒት ወጥቷል የሚል ወሬ እየጠበቁ መቀመጥም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ሙሉ ፈቃድ የሰጠችው ሌካኔማብ በጅማሬ ላይ ያለን አልዛይመር በመጠኑ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም፤ ዋጋው ሲወጣ በዓመት 26,500 ዶላር ነበር። ከዚያ ይልቅ ፊንላንዶች ያደረጉትን ማየት ይሻላል። ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆናቸውን 1,260 ሰዎች ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን ለሁለት ዓመት አመጋገባቸውን አስተካከሉ፣ ስፖርት አሠሩ፣ አእምሯቸውን አለማመዱ፣ ግፊታቸውንና ስኳራቸውን ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ውጤት እነዚህ ሰዎች ተራ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ በማሰብ ፈተናዎች ተሽለው ተገኙ። ሰዎቹ አልተቀመጡም፤ ተንቀሳቀሱ።

ስለዚህ ምራቲቱ ማድቤቱን ትረከብ፤ እሳቱን እሷ ትጠብቅ። እናትየዋ ግን ሽንኩርቱን ይላጡ፣ ምስሩን ይልቀሙ፣ ቡናውን ይቁሉ፣ በርበሬው ስንት ማንኪያ እንደሚገባ ይጠየቁ። ከመቶ ጊዜ ሠላሳውን ቢሳሳቱ ምን ይሆናል? ያልጣፈጠ ወጥ በልተን እናውቃለን።

አንድ የሚሠራ ነገር ብቻ አቀርባለሁ። ዕድሮቻችን በየወሩ ይሰበሰባሉ፤ መዋጮ ይቀበላሉ፣ የቀረውን ይቀጣሉ፣ ለድንኳንና ለወንበር ገንዘብ ያወጣሉ። ይህ ሁሉ ሰው ከሞተ በኋላ ለሚሆነው ነው። የዕድራችሁ ዳኛ በሚቀጥለው ስብሰባ ከሂሳቡ በፊት አንድ አጀንዳ ያስይዙ፤ ከካዝናው አንድ የግፊት መለኪያ ይገዛ፣ ከአባላቱ መሐል ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይፈለግ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ያለው ሁሉ መዋጮውን ሲከፍል ክንዱን ይለካ። ከ140 በ90 በላይ የሆነበት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለሦስት ወር ያልታዩ አረጋዊ ካሉም የመቅረት ቅጣት ከመጻፉ በፊት ሁለት ሰው ቤታቸው ሄዶ ይጠይቃቸው።